የነፃ ወረቀት የተሰረዘበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት ከመድኃኒት ቤት ስመለስ፣ ከመናኸሪያው ወደ ታች በሚወርደው ቁልቁለት ላይ አንዲት ሴት እስከ ክርኗ በጭቃ ተለውሳ ግድግዳ ስትመርግ ደረስሁ። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ የጠነከረችበት ሰሞን ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተለውሶ የሰነበተ ነበርና ሽታው መንገዱን ሞልቶታል። ከዘራዬን ተደግፌ ቆምሁ። ቆይቼ መሆን አለበት፣ ሴትዮዋ ዘወር ብላ አየችኝ።

«አባባ፣ መንገድ ጠፋዎት?»

«መንገዱስ አልጠፋኝም። ጭቃሽ ግን ገና ነው፤ ሦስት ቀን ይቀረዋል።»

«እንግዲያው ይግቡና ይርገጡልኛ!» ብላ ሳቀችብኝ።

እግሬ ቢፈቅድልኝ እገባ ነበር። የቦካ ጭቃ ሽታ ለማያውቀው ሰው ደስ አይልም፤ ኮምጠጥ ይላል፣ አፍንጫ ይይዛል። እኔን ግን ሃያ ምናምን ዓመት ወደኋላ ወስዶ ልጆቼን ያሳደግሁበት የቀበሌ ቤት ደጃፍ ላይ አቆመኝ። በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ የግቢው ሰው ሁሉ ሱሪውንና ቀሚሱን ሰብስቦ ጭቃ ይረግጥ ነበር። አምስት ክፍል በአንድ ጣሪያ ሥር የተሰለፈ ረጅም ቤት ነው። ድሮ የአንድ ነጋዴ መጋዘን ነበር ይላሉ፤ መንግሥት ወረሰው፣ ከዚያ ሌላ መንግሥት መጣ፣ ቤቱ ግን የቀበሌ እንደሆነ ቀረ። ክፍሎቹን የሚለያየው ግድግዳ ጣሪያው ዘንድ አይደርስም። ኮርኒስ የሚባል የለም። አንዱ ቤት ሲያስነጥሰው ከአራቱ ቤት «ይማርህ» ይመጣል። የደብረ ታቦር ዝናብ ቆርቆሮውን ሲወርድበት ደግሞ አጠገብህ ያለው ሰው ሲናገር አፉን ታያለህ እንጂ ቃሉን አትሰማም።

ኪራዩ በወር ሰባት ብር ነበር። ዛሬ በሰባት ብር አንድ ሻይ አይጠጣም። ያኔ ሻይ በሃምሳ ሳንቲም፣ እንቁላል አራቱ በብር፣ የላስቲክ ኮንጎ ጫማ በስድስት ብር ነው። ቅዳሜ ከጉና የሚወርዱት ገበሬዎች በርኖሳቸውን እንደለበሱ፣ በቅሎዎቻቸውን ከመስጊዱ ማዶ ያስሩና ድንችና ገብሳቸውን ይዘረግፉ ነበር። ከመናኸሪያው በላይ ያለው የካሴት ሱቅ ደግሞ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ቀኑን ሙሉ የሠርግ ዘፈን ይለቃል። አንድ የክራር ዘፈን ነበረ፣ ካሴቱ ተበልቶ ዘፋኙ መሐል ላይ እንደሰከረ ሰው ድምፁ ይጎተታል። የከተማው ልጆች ዘፈኑን ሲያንጎራጉሩ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ እነርሱም ይጎትቱታል። ልጆቼ ሲያደርጉት ስቆጣቸው ኖሬ፣ አንድ ቀን መዶሻ ይዤ ራሴም ስጎትተው ያዙኝ።

እኔ ቆርቆሮ ሠራተኛ ነበርሁ። አሸንዳ፣ ጣሪያ፣ የውኃ ባልዲ፣ ከቆርቆሮ የሚወጣ ማናቸውም ነገር ከእጄ ይወጣ ነበር። አስኳላ አልገባሁም። ፊደል የቆጠርሁት የእንድሪስ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ስኳርና ጨው የሚጠቀለልበትን አሮጌ ጋዜጣ እየገጣጠምሁ ነው። እንድሪስ ጓደኛዬና የግቢዬ ሰው ነው፤ ጨው፣ ስኳርና ሽንኩርት ይነግዳል፣ በምላሱ ደግሞ ማንንም አይምርም። «ዘለቀ አንብቦ ሲጨርስ ነው ስኳሩ የሚሸጠው» እያለ ደንበኛ ያስቅብኝ ነበር። ማንበብ ስለቻልሁ፣ ደግሞም አይዋሽም ተብዬ ስለታወቅሁ፣ ሰዉ ምስክር ያደርገኛል። ይህንን እንደ ሹመት እቆጥረው ነበር። ልጆቼ ትንሽ ሲዋሹ ያለ እራት አስተኝቻቸዋለሁ። አሁን ሳስበው በጥቂቱ ያሳዝነኛል፣ ሁሉንም ግን አልጸጸትበትም።

በዚያ ዘመን ቀበሌው ለችግረኛ ተከራይ የሚሰጠው ነፃ ወረቀት የሚባል ነገር ነበር። የግቢ ሰው ሦስት ምስክር ሆኖ «ይህ ሰው ጧሪ የለውም፣ መክፈል አይችልም» ብሎ ከፈረመለት፣ ከኪራይ ነፃ ይሆናል። በእኛ ግቢ ነፃ ወረቀት የነበራት ጥሩነሽ ናት። ከግድግዳዬ ቀጥሎ ባለው ክፍል ትኖራለች። ባሏ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፣ ቁልቁለት ላይ ሞተ። ከጉና የሚወርደውን ድንች በጅምላ ገዝታ፣ መንገድ ዳር በመደብ በመደብ ለይታ ትቸረችራለች። ዝናብ ከመጣ ያ ቀን አለቀ። አንድ ልጅ ነበረቻት፣ ስንዱ የምትባል፣ ቀጥ ያለች፣ እንደ እናቷ ቀኝ እግሯን ወደ ውጭ ወርወር እያደረገች የምትሄድ። ስንዱ እንደ ብዙ የአገራችን ሴት ልጆች ዓረብ አገር ሄደች። በሄደች በአምስተኛው ወር ደብዳቤና ጥቂት ገንዘብ መጣ። እልልታው ከአምስቱም ክፍል ነው የወጣው።

ከዚያ በኋላ ጥሩነሽ በየግብዣው የምታወራው ስለ ስንዱ ብቻ ሆነ። አንድ ክርስትና ላይ አዲስ ጥበብ ነጠላ ለብሳ መጣች። ሴቶቹ ጫፉን እየዳበሱ ሲያደንቁ፣ «ስንዱ ናታ! አትለብሽም ብላ ተቆጥታ ነው የላከችልኝ» አለች። ከወንዶቹ መደብ ሆኜ በጆሮዬ ሰማሁ። ደስም አለኝ። የተማረረ ሰው ሲያልፍለት ማየት ደስ ይላል።

በሄደች በሦስተኛው ዓመት ግንቦት ላይ ከበላይ ደብዳቤ መጣ ተባለና ወደ ቀበሌው አዳራሽ ተጠራን። ደመወዝተኛ ልጅ ያለው፣ ውጭ አገር ልጅ ያለው፣ ነፃ ወረቀቱ ይሰረዛል፤ ያውም ልጁ ሥራ ከያዘበት ቀን ጀምሮ ተቆጥሮ ያልተከፈለው ኪራይ ይከፈላል። የቤቶች ሠራተኛው ወጣት ልጅ ነው፣ ክፉ አልነበረም፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል ስም ይጠራል። የእኛ ግቢ ሲደርስ ምስክሮቹን አስነሣን፤ እኔን፣ እንድሪስንና አንድ ሽማግሌ ጎረቤት።

«የወይዘሮ ጥሩነሽ ልጅ ዓረብ አገር ናት?»

«ናት» አልሁ።

«ትልክላቸዋለች?»

ጥሩነሽ ከሴቶቹ መሐል ነበረች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። «አዎን፣ ትልክላታለች» አልሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አንድ ሰው እውነት ሲናገር ማፈር የለበትም ብዬ። ሁለቱም ምስክሮች «እኔም እንደ ዘለቀ» አሉ። ፈረምን። ጥሩነሽ እንዲህ አይደለም አላለችም። ወረቀቷ ተሰረዘ፣ የሃያ ስድስት ወር ኪራይ፣ መቶ ሰማንያ ሁለት ብር ተጻፈባት። በሠላሳ ቀን ካልከፈለች ቁልፉን ታስረክባለች። ይህ እንግዲህ ሰኔ ሊገባ ሲል ነው፣ ዝናቡ ከጉና ላይ ሲያጉረመርም።

በማግስቱ ጠዋት ደጃፌ ላይ አሸንዳ ስቀጠቅጥ ባለቤቴ ትርንጎ ወጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። ብዙ የማትናገር ሴት ናት።

«እንዲያው አሁን ደስ አለህ?»

«ምን አጠፋሁ? ያለውን ነው የተናገርሁት። ያለው እየተደበቀ የሌለው ቤት ሊያጣ ነው ወይ?»

«ያቺ ልጅ ከሄደች አንድ ጊዜ ነው የላከችው። አንድ ጊዜ! ከዚያ ወዲህ ደብዳቤም የለ።»

«ነጠላውስ?»

«የባሏን የብረት አልጋ ሸጣ ነው። አሁን መሬት ላይ ነው የምትተኛው። ልጄ ረሳችኝ ከምትል፣ ልጄ አለበሰችኝ ብትል ይሻላታል። ይኸ ይጠፋሃል?»

መዶሻውን አስቀመጥሁ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ ምስጢር የሚነገርህ ሰው ነህ?» አለችና ገባች።

ብዙ ስድብ ተሰድቤአለሁ፣ እንደዚያ የቆረጠኝ የለም። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ግድግዳው በማይዘጋ ቤት ውስጥ፣ የጎረቤቴን ሳል እየቆጠርሁ ኖሬ አልጋዋ መውጣቱን አላወቅሁም። ሴቶቹ ሁሉ ያውቁ ነበር። የማያውቁት የሚመሰክሩት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ከቀትር በኋላ ቤቷ ሄድሁ። ድንች እየለየች ነበር፣ የተቀጨውን ወደ ጎን፣ ጤነኛውን ወደ ቅርጫት። አልጋው የነበረበት ቦታ ላይ ጆንያ ተነጥፏል። በርጩማ ሰጠችኝ። 

«ጥሩነሽ፣ በድዬሻለሁ።»

«ኧረ በማርያም! እርስዎ ምን በደሉኝ? የዋሸሁት እኔ ነኝ። የሰሙትን ተናገሩ።»

«እኔ ልክፈለው። ትንሽ አለኝ፣ ቀሪውን ከእንድሪስ እበደራለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አያ ዘለቀ፣ ያበዱ እንደሆነ ይንገሩኝ። ለባል አልባ ሴት የጎረቤት አባወራ ኪራይ ከፈለ ሲባል፣ ትርንጎን በምን ዓይኔ ላያት ነው? ሰዉስ?»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ወንድሜ ጉና ላይ አለ። እዚያ እወጣለሁ።» ድንቹን ማገላበጥ ቀጠለች። «ብርዱን አልፈራም። የምፈራው ሌላ ነው። ስንዱ ደብዳቤ መጻፍ ባትችል፣ ታማ እንደሆነ፣ ከልክለዋት እንደሆነ፣ አንድ ቀን ከመኪና ስትወርድ የምታውቀው ይህን በር ነው። ደርሳ ብታንኳኳና ሌላ ሰው ቢከፍትላት፣ ልጄ ወዴት ትሄዳለች?»

«እንግዲያው አዳራሽ ገብተሽ እውነቱን ተናገሪ። አትልክልኝም በይ።»

«ይህንንስ አልለውም» አለች። አልተቆጣችም፤ ደረቅ አለች እንጂ። «እናቷ በሰው ፊት ጥላኛለች ካለች፣ ልጅቱ ወደዚህ ከተማ ምን ብላ ትመለሳለች? ቤቱ ይሂድ።»

ወደ ቤቶች ሠራተኛው ሄድሁ። ቃሌን ላነሣ መጣሁ አልሁት። እስክሪብቶውን በጆሮው ላይ ሰክቶ፣ «አባባ፣ የተፈረመ ቃል እኮ በቃል አይነሣም። ቅሬታ ሰሚ ዘንድ ይቅረቡ፣ ሐሙስ ይሰበሰባሉ። ግን ወይዘሮዋ ራሳቸው መጥተው ካልተናገሩ የሚሆን አይመስለኝም» አለኝ። ማመልከቻ ጻፍሁ። አራት ጊዜ ነው የቀደድሁት። ለሌላ ሰው ማመልከቻ ስጽፍ አንድም ጊዜ ቀድጄ አላውቅም።

ሐሙስ ጠዋት አዳራሹ ከዝናብ በተጠለለ ሰው ጢም ብሏል። ጥሩነሽን ትርንጎ ናት በግድ ያመጣቻት። ሰብሳቢው ማመልከቻዬን አነበበና፣ «አቶ ዘለቀ፣ በግንቦት ትልካለች ብለው ፈርመዋል። አሁንስ ምን ይላሉ?» አለ።

«ያላየሁትን ነው የፈረምሁት።»

«ዋሽተዋል ማለት ነው?»

 አርባ ዓመት ሙሉ ለሌላው ስጥለው የኖርሁት ቃል ነው።

«ዋሽቻለሁ» አልሁ። «ሰው ግብዣ ላይ ያወራውን ይዤ፣ በዓይኔ እንዳየሁ አድርጌ መሰከርሁ። ገንዘብ ሲመጣ አላየሁም፣ ደረሰኝ አላየሁም፣ ቤቷ ገብቼ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ አላየሁም።»

ከኋላ አንዱ፣ «አያ ዘለቀ! ቃል ቆርቆሮ ነው እንዴ፣ አጣምመው ሲያበቁ መልሰው የሚያቃኑት!» አለና ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሌላው፣ «ልጆቹን ጥሯቸው፣ እራት እንዲነፍጉት!» አለ። የልጆቼ ነገር ለካ በከተማው ሁሉ ይታወቅ ኖሯል።

ሰብሳቢው እጁን አንሥቶ ዝም አሰኘ። «ታዲያ ልጅቱ ትልካለች ወይስ አትልክም? ወይዘሮዋ እዚህ አሉ፣ ይናገሩ።»

ጥሩነሽ ከመቀመጫዋ ስትነሣ አየሁ። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እሷን አትጠይቋት» አልሁ። «ወረቀቱ ላይ ያለው የእኔ ፊርማ ነው። እኔን ጠይቁኝ። የማውቀው ነገር የለም ነው መልሴ።»

ከትርንጎ አፍ የሰማሁት በልቤ ነበር። ያለ የሌለውን እውነት አደባባይ ማውጣት ግዴታዬ ነው ብዬ ስኖር፣ አውቄ አንዱን ያስቀረሁት ያን ቀን ነው። እግዚአብሔር ይቆጣብኝ እንደሆነ አላውቅም፤ በሳቀብኝ ሕዝብ ፊት ግን ያኔ ቀና ብዬ ቆምሁ።

እንድሪስ ከግድግዳው ሥር ተነሣ። «እኔንም ጻፉኝ» አለ። «እኔ ዘለቀ ፈረመ ብዬ ነው የፈረምሁት። ስኳር ስመዝን እንኳ እንደዚያ ሰው ቃል አምኜ አላውቅም። ሞኝነት ነው።» ሰዉ እንደገና ሳቀ፣ የአሁኑ ሳቅ ግን ለስለስ ያለ ነበር። ሽማግሌው ጎረቤታችንም እጁን አወጣ።

ሰብሳቢዎቹ ራስ ለራስ ተገናኝተው ቆዩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ምን እንደሚሉ አይሰማም። መጨረሻ ላይ ሰብሳቢው ቆሞ፣ ምስክር ስለሌለ ያለፈው ውዝፍ ተነሥቷል፣ መቶ ሰማንያ ሁለቱ ብር ይሰረዛል፤ ነፃ ወረቀቱን ግን እንደገና መስጠት በእኛ እጅ አይደለም፣ ከሐምሌ ጀምሮ ሰባት ብሯን ትክፈል አለ። ቀጥሎም «አቶ ዘለቀ ከእንግዲህ በዚህ ቀበሌ ምስክር ሆነው አይቀርቡም» ብሎ ስሜን ሲሰርዝ፣ ብዕሩ ወረቀቱን ሲፍቅ የሰማሁት መሰለኝ።

ሰባት ብር ትንሽ ነው የሚል ሰው፣ በክረምት መንገድ ዳር ድንች ሸጦ አያውቅም። ድንቹ ሲረጥብ ይበሰብሳል፣ ገዢውም ከጣሪያ ሥር አይወጣም። ስንወጣ እንድሪስ ጥሩነሽን አስቁሞ፣ «የሱቄን ደጃፍ ይዘሽ ሽጪ፣ ሽንኩርት የሚገዛኝ ሁሉ ድንች የት ነው እያለ ያስቸግረኛል» አላት። ውለታ እንዳይመስልባት ብሎ ነው፣ እንጂ እንድሪስን ማንም አስቸግሮት አያውቅም። በረንዳው ጠባብ ነበርና እኔ ከአሮጌ ቆርቆሮ አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ጥላ አስረዝሜ ሠራሁላቸው፤ አሸንዳም አበጀሁለት፣ ውኃው ድንቹ ላይ ሳይሆን ቦዩ ውስጥ እንዲወርድ። በዚያ ክረምት ጥሩነሽ አንድም ቀን ሳትሸጥ አልዋለችም። የሐምሌን ኪራይ ከፍላ ስትመለስ ደረሰኙን እንዳነብላት አመጣችው። «ጥሩነሽ» የሚለውን ስደርስ፣ «እስቲ ይድገሙት» አለችኝ። ደገምሁት። ያን ደረሰኝ ማንም ምስክር አልፈረመበትም፤ በራሷ እጅ የመጣ ነው።

ዛሬ ስለነዚህ ነገሮች ሳወራ ልጆቼ፣ ሁሉ ነገር እንዲያ ቢሆን ኖሮ ይሉኛል። ሁሉ እንዲያ አልሆነም። በዚያው ዓመት ከታችኛው ግቢ ሁለት ቤተሰብ ቁልፍ አስረክበው ወጥተዋል፤ ለእነርሱ ተነሥቶ የተናገረላቸው የለም፣ እኔም አልተናገርሁም። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ደግሞ መዋሸት ይሆንብኛል። ይሁንና ሰው ስህተቱን በአደባባይ ሲያነሣ አደባባዩ ራሱ ትንሽ ይለወጣል። ከዚያ ወዲህ የእኛ ቀበሌ ሰዎች ከመፈረማቸው በፊት የሚመሰክሩበትን ቤት ገብተው ማየት ጀመሩ። «ዘለቀ እንዳይደርስብን» ይባባሉ ነበር። ስሜ ለዚያ መዋሉ አያስከፋኝም።

ስንዱ ዛሬ ከመናኸሪያው በላይ ምግብ ቤት አላት፣ ልጆቿ እኔን አያቴ ነው የሚሉኝ። በተመለሰችበት ቀን ግን ከእናቷ ቀድሜ ያየኋት እኔ ነኝ። ከዚያ ስብሰባ ሦስት ክረምት ያህል አልፏል። አሠሪዋ ደመወዟን ይዛ፣ ወረቀቷን ይዛ፣ ከቤት አላስወጣ ብላት እንደኖረች የሰማነው ኋላ ነው። መስከረም ነበር። የቤታችን ጣሪያ ላይ ወጥቼ የዛገውን ቆርቆሮ እለውጣለሁ። ከሥሬ ጥሩነሽ ክፍሏ ውስጥ ለገበያ ድንች ትለያለች። ቀና ስል ከመናኸሪያው በኩል አንዲት ጥቁር ረጅም ልብስ የለበሰች ሴት፣ ባዶ የመሰለ ሻንጣ አንጠልጥላ ትመጣለች። ከስታለች፣ ፊቷን አላወቅሁትም። ቀኝ እግሯን ወደ ውጭ ወርወር ስታደርግ ግን አወቅኋት።

አፌ ውስጥ አራት ምስማር ነበር። ልተፋውና ልጮህ፣ ጥሩነሽ፣ ልጅሽ መጣች ልል ቃጣኝ። አልተፋሁትም። መዶሻዬን ቀስ አድርጌ ቆርቆሮው ላይ አስተኛሁትና ተንበርክኬ ቀረሁ። ልጅቱ ግቢው መግቢያ ላይ ቆመች። አምስቱን በር አንድ በአንድ አየች፣ ወደ ሁለተኛው ሄደች፣ አንኳኳች።

«ማነው? ክፍት ነው፣ ግቡ!» አለች ጥሩነሽ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ» አለች ስንዱ።

ከዚያ በኋላ ከጣሪያው ሥር የሰማሁት፣ ሙሉ የድንች ቅርጫት መሬት ላይ ሲገለበጥ ነው።